ለኩላሊቱ የጠየቀው ክፍያ

ልብስ ሰፊው ሁለት ነገር ይወዳል፤ የስፌት ማሽኑንና ታናሽ እህቱን። ሁለቱም ካልጮኹ አይሠሩም ይላል። እህቱን ሰፈሩ የሚያውቃት «መቀስ» በሚል ቅጽል ስም ነው፤ ምላሷም እንደ እጇ ይቆርጣል። በጠባቧ ሱቅ እሱ ይሰፋል፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ ከሁሉም በላይ ግን የእሱን ሥራ ታርማለች። የተጣመመ ኮሌታ ካየች ደንበኛ ፊት ነኝ አትልም፣ እዚያው ትተረትረዋለች። «ይህን የሰፋኸው ተኝተህ ነው?» ትለዋለች። እሱም ያጉረመርማል እንጂ ደንበኛ የማይጠፋው በእሷ ምክንያት መሆኑን ልቡ ያውቀዋል።

ኋላ የመቀስ ኩላሊቶች ደከሙ። ወንድሟ ተመረመረ፤ የእሱ ለእሷ እንደሚሆን ሲነገረው አላቅማማም፣ አንዱን ሰጣት። ተመስገን ነው፣ ሁለቱም በደህና ወጡ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቀስ ዶለዶመች። ወደ ሱቁ ስትመለስ ወንድሟ በገባ ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች፤ የሰፋውን ሁሉ «ቆንጆ ነው» ትላለች። ሰውየውን ከቁስሉ ይልቅ ይህ አመመው። አንድ ቀን ሆን ብሎ የአንድ ደንበኛ ኮት የቀኝ እጅጌውን በግራ በኩል ሰፋው። አየችው፣ ትንፍሽ አላለችም፤ ለምሳ እስኪወጣ ጠብቃ ፈታ አስተካከለችው። ተመልሶ ሲያይ እህቱን አድኖ እህቱን ያጣ መሰለው።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮው የሚያወራው ስለዚሁ ነበር፤ ኩላሊት ለሚሰጥ ሰው ማበረታቻ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ጡረተኛ መምህር ይሰጠው ባይ ናቸው።

«ሰው ተራ እየጠበቀ ሲሞት እያየን ምን ያሽኮረምመናል?» አሉ።

ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ክር ልትዋስ ገብታ እዚያው ቀርታለች። «ገንዘብ ከገባበትማ አልጋው ላይ የሚተኛው ድሃ ብቻ ነው። ሀብታም ኩላሊቱን ሲሸጥ አይተው ያውቃሉ?»

«እስቲ የሰጠውን እንጠይቀው» አሉ መምህሩ።

ሰፊው ማሽኑን አቆመ። «ሥራ ፈትቼ ለከረምኩበት ቢካካስልኝ አልጠላም፤ ማሽኑም ጾሙን ነው የከረመው። ኩላሊቴን ግን ዋጋ አውጣለት ብትሉኝ አላውቅበትም።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ከእሷ ግን ክፍያ እፈልጋለሁ።»

መቀስ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች።

«የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለች።

ሰፊው አሁን የጨረሰውን የመምህሩን ሱሪ አንስቶ ዘረጋላት። አንዱ እግር ከሌላው ሁለት ጣት ያጥራል። ይህኛውን እንኳ ያበላሸው ሆን ብሎ አልነበረም፤ ክርክሩን ሲሰማ ነው የሳተው።

«እይውና እንደ ድሮሽ ንገሪኝ። ክፍያዬ ይኸው ነው።»

መቀስ ሱሪውን አየች፣ ወንድሟን አየች። እንባዋ መጣ፤ እጇ ግን ቀድሞ መቀሱን አንስቷል።

«ከኩላሊቱ ጋር ዓይንህንም አወጡልህ እንዴ?» አለችና ጠርዙን ትተረትረው ጀመር።

ሰፊው ጠባሳውን በእጁ ደግፎ እስኪያመው ድረስ ሳቀ።