ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው

በአሳንሰር ጥገና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «ሹክሹክታ» ይሉታል፤ ከሞተር ክፍል ሆኖ በስልክ ሲያናግራቸው «ምን አልክ?» ሳይሉት የዋሉበት ቀን የለም። ቁመቱ በር የሚሞላ፣ እጁ ሰፊ፣ ድምፁ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰው የሚመስል ነው። በሥራው ማንም አያማውም። ብሬክ ሊላላ ሲል ቀድሞ ያውቃል፤ ገመድ ማርጀት መጀመሩን በመዳፉ ዳስሶ ይናገራል።

እሑድ እሑድ ከሚስቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በግራ በኩል አራተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መዝሙር ሲጀመር ሕዝቡ ይዘምራል፤ እሱም አፉን ይከፍታል። መክፈቱንስ ይከፍታል፣ የሚወጣ ድምፅ ግን የለም። ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማንም ሳይገፋው፣ በራሱ ፍላጎት፣ ከሕፃናት መዘምራን ጋር ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አስተማሪው መዝሙሩን አስቆሙ፣ እንደገና አስጀመሩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው በረድፉ ፊት ቀስ እያሉ አለፉ። እሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልተቆጡትም። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ «አንተ ልጄ፣ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ድምፅ አታውጣ» አሉት። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ሆዴን አሞኛል ብሎ ራት ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት አለፈ። ከንፈር በማንቀሳቀሱም ተካነ። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የትኛው ቃል ላይ አፍ ሰፋ እንደሚል፣ መቼ ዓይን ጨፈን እንደሚደረግ ጠንቅቆ ያውቃል። ፊት ለፊት ያየው ሰው ከልቡ የሚዘምር ነው የሚመስለው። ዜማው ስላልተፈቀደለት ይሁን አይታወቅም፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ጨብጧቸዋል። የመዝሙር ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል።

በአገልግሎት ሰነፍ አይደለም። የሚንቋቋ በር ዘይት ይቀባል፣ የተበጠሰ የማይክራፎን ሽቦ ይበይዳል፣ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ነው። ሰዉም «ተባረክ» ይለዋል። በልቡ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ አንድ አፍ ሆኖ፣ ለፈጠረው ጌታ ምስጋና ሲያቀርብ የእሱ ድርሻ የታለ? ግብዣ ቤት ገብቶ፣ ባዶ ሳህን ይዞ ቆሞ እንደሚወጣ ሰው ይሰማዋል። አንዳንዴ «እግዚአብሔር ልብን ያያል» ብሎ ራሱን ያጽናናል። መልሶ ደግሞ «ልቤስ ቢሆን አፍሮ ተሸሽጎ የለም እንዴ?» ይላል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱም ቢሆን።

አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ከአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ተደወለለት። አሳንሰሩ ሰው ይዞ መሃል ላይ ቆሟል። ሲደርስ ዘበኛው ደረጃው ሥር እጁን እያፋተገ ይጠብቀዋል። ውስጥ ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ናቸው፤ ስድስተኛ ፎቅ ካለው ጥርስ ሐኪም ወጥተው ሲወርዱ ነው የቆመባቸው።

መጀመሪያ ሞተር ክፍል ወጥቶ ኃይሉን አጠፋና ሁኔታውን አየ። ደስ አላለውም። አሳንሰሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆመው መያዣ ሥራውን ሠርቷል። ያ መያዣ አንዴ ከነከሰ፣ ሳጥኑን ወደ ላይ ሳብ ሳያደርጉ አይለቅም። ማንሻ ሰንሰለቱ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ከሚሠራው ባልደረባው ጋ ነው። ደወለለት። ባልደረባው መንገዱ እንደተዘጋጋ፣ ቢፈጥን ቢፈጥን አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅበት ነገረው።

አምስተኛ ፎቅ ወርዶ የውጪውን በር በቁልፉ ከፈተ፤ የሳጥኑንም በር ገፋ አደረገ። የሳጥኑ አናት ከወለሉ ሁለት ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የተቀረው ከታች ነው። መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ በክፍተቱ ባትሪ አበራ። ከታች አንድ ግራጫ ኮት፣ ነጭ ፀጉርና የሚያብረቀርቁ ሁለት ዓይኖች ታዩት።

«እማማ፣ ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም። ድምፅህን ከፍ አድርግ እንጂ ልጄ፤ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለሁት» አሉት።

እንደምንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አስረዳቸው። አሳንሰሩ እንደማይወድቅ፣ መያዣው አጥብቆ እንደያዘው፣ ግን ጎትቶ ሊያወጣቸው እንደማይችል፤ ሰው በክፍተቱ ሲያልፍ ሳጥኑ ቢንቀሳቀስ አደጋ እንደሆነ። መጠበቅ እንዳለባቸው ሲነግራቸው እስኪጨርስ ሰሙት። አርባ ዓመት አዋላጅ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት መሆናቸውን፣ ከሆነስ ሰው ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ እንዳልለመዱ ነገሩት። ቀልዳቸው ደስ አለው። ለጥቂት ደቂቃም ነገሩ ቀላል መሰለው።

ከዚያ ግን ወሬያቸው እየተቆራረጠ መጣ። በልጅነታቸው ዕቃ ቤት ውስጥ በር ተቆልፎባቸው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጠባብ ቦታ እንደማይችሉ፣ ዛሬም ጉልበታቸው ባይደክም ኖሮ በአሳንሰር እንደማይሳፈሩ ነገሩት። ትንፋሻቸው አጭር አጭር ሆነ። ክንዱን በክፍተቱ አስገብቶ ዘረጋላቸው። ጣቱን ያዙት። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«ስፈራ እዘምር ነበር» አሉ። «አሁን ትንፋሽ አጣሁ። አንተ ጀምርልኝ፣ እኔ እከተላለሁ።»

«እኔ መዝፈንም መዘመርም አልችልም፣ እማማ።»

«ቤተ ክርስቲያን አትሄድም?»

«እሄዳለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ይሄኔ ምን እንደነካው አያውቅም። ምናልባት ፊታቸው በደንብ ስለማይታየው፣ ምናልባትም ጣቱን ስለያዙት፣ በሆዱ በተኛበት ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሆኖ ሠላሳ ሰባት ዓመት የደበቀውን ነገራቸው። አስተማሪው ያሉትን፣ የልጆቹን ሳቅ፣ በየእሑዱ የሚያደርገውን። ዘበኛውና ከቢሮ የወጡ ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመው ነበር፤ ይስሙ አይስሙ ግድ አላለውም።

አሮጊቷ ጣቱን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«አርባ ዓመት ሕፃን ስቀበል ኖሬአለሁ» አሉ። «አንዱም በቅኝት ሲጮህ አልሰማሁም። አንዱም። ግን ያ ጩኸት ሲሰማ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። እኛን የሚያስጨንቀን ዝም ያለው ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ድምፅህን የሠራው እሱ ራሱ ነው። ሳይሰማው እንዲህ ማቆየትህ ደግ አይደለም። በል ጀምር፤ እኔ እንደሆነ መውጫ የለኝም፣ የትም አልሸሽህም።»

ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ።

የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ ራሱን አስደነገጠው። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ያልተጠቀሙበት በር ሲከፈት እንደሚያወጣው ያለ። ዜማው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ማለት ባለበት ቦታ ግን አይደለም። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱ ግን አላቆመም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ ተቀላቀለው። አሮጊቷ ያን ዕለት የተተከለላቸው አዲስ ጥርስ ገና አልገጠመም፤ «ስ» ባሉ ቁጥር ያፏጫል፣ ትንፋሽ ሲስቡ ደግሞ ቀጭ ይላል። ሁለቱ ተደማምረው የሚወጣው ነገር ለጆሮ የሚመች አልነበረም።

እሳቸው የሚያውቁት የእያንዳንዱን መዝሙር መጀመሪያ ነው። እሱ ግን ሁሉንም ያውቃል። እሳቸው ሲያልቅባቸው «ቀጥል» ይሉታል፤ እሱ ይቀጥላል። አራተኛ አንቀጽ፣ አምስተኛ አንቀጽ፣ መዘምራኑ ራሳቸው የሚዘሉትን ሁሉ ሳይቀር። ስለተሰጠ ዕድሜ የሚያመሰግን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ማለዳ፣ ይቅር ስለተባለ በደል። ሺህ ጊዜ በከንፈሩ ያሳለፋቸው ቃላት ናቸው። አሁን ግን ደረቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ተሰማው። ለአሮጊቷ ብሎ የጀመረው ነገር መቼ እንደተለወጠ አያውቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ለማን እንደሚዘምር ገባው። እንባው ወርዶ አቧራው ላይ ሲንጠባጠብ አንድ እጁ ስለተያዘበት፣ በሌላውም ባትሪ ስለያዘ መጥረግ አልቻለም።

ስድስተኛው መዝሙር ላይ አሮጊቷ ዝም በል አሉት። ደነገጠ። እሳቸው ግን የራሳቸውን የልብ ምት እየቆጠሩ ነበር። «ረግቷል» አሉ። «እኔ እንደሆነ አሁን ደህና ነኝ። አንተ ከፈለግህ ቀጥል።»

ባልደረባው ሰንሰለቱን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ አዳመጠ። በኋላ እንደተናገረው፣ ሬዲዮ የተበላሸ መስሎት ነበር። ሁለቱ ሞተር ክፍል ወጥተው ማንሻውን ሰቀሉ፣ ሳጥኑን አንድ ስንዝር ያህል አነሡት፤ መያዣው ለቀቀ። ከዚያ ብሬኩን በእጅ እያላሉ ቀስ አድርገው ከአምስተኛው ፎቅ ወለል ጋር አስተካከሉት። በሩ ሲከፈት አሮጊቷ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። የአፍንጫውን አቧራ በመሐረባቸው ጠረጉለትና፣ «በደረጃ ነው የምወርደው፤ ክንድህን ስጠኝ» አሉት። አምስት ፎቅ ደግፎ አወረዳቸው። በር ላይ ሲሰነባበቱ እሑድ እንዳይረሳ አደራ አሉት።

እሑድ አልረሳም። ሐሙስና ዓርብ ሲያስበው ሲያስበው ከርሞ፣ ለሚስቱ ምንም ሳይነግር አራተኛው ረድፍ ላይ ቆመ። መዝሙሩ ተጀመረ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደ ልማዱ በከንፈሩ አሳለፈው። ሁለተኛው ላይ ድምፁን አወጣ።

ከፊት የቆመ ሰው አንገቱን ቀለስ አደረገ። ሚስቱ መዝሙሯን አቋረጠች። ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ሻርፗን በአፏ ላይ ይዛ በረድፉ መሃል ወጥታ ሄደች።

አዋረድኳት ብሎ ክው አለ። ተከትሏት ሲወጣ በጎን በኩል ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊላት ሲል እጁን ያዘችው።

«ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላህ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ከመጀመሪያው ልጃችን ወዲህ።»

የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነበር የሞተው። ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ እሷ አጠገቡ ቆማ ስትዘምር ድምፁን ፈለገችው፤ አጣችው። ከዚያ በፊት ልብ ብላ ሰምታው አታውቅም ነበር። በሚቀጥለውም እሑድ አጣችው። አኩርፏል፣ ምስጋናውን ነፍጓል ብላ ደመደመች። ልትጠይቀው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ዘግታለች፤ «አዎ» ቢላት ምን እንደምትመልስ አታውቅም። እናም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ስትዘምር ስለ ሁለታቸው ነበር የምትዘምረው። የእሱን ድርሻ ጨምራ።

«እኔኮ ዜማ ስለማልችል ነው» አላት። «ሌላ ምንም የለም። አንድም ቀን አኩርፌ አላውቅም።»

አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። «ዜማ አለመቻልህንስ ሰማሁ» አለች። እሱም ሳቀ። ስለ ልጁም አወሩ፤ ስሙን ከጠሩት ስንት ዘመናቸው። የሕንፃውን፣ የአሮጊቷን ነገር ሁሉ ነገራት። ውስጥ ስብከቱ አልቆ የመጨረሻው መዝሙር ሲጀመር፣ እጇን ይዞ አስነሣት፤ አብረው ገቡ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እሱ ደግሞ ባለው ዘመረ።

ከጸሎት በኋላ የመዘምራኑ መሪ፣ ቀልጠፍ ያለች ወጣት፣ ፈራ ተባ እያለች መጣች። በመዘመሩ በጣም ደስ እንዳላት፣ ግን አራተኛው ረድፍ አጠገብ የተሰቀለው ማይክራፎን ድምፅ እንደሚስብ፣ ቅር ካላለው ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ማይክራፎኑን እዚያ የሰቀለው ራሱ ነበር። ምንም ቅር እንዳላለው ነገራት፤ እውነቱንም ነበር።

ቤት ሲገቡ ጉሮሮው ተቃጥሏል። ሚስቱ ለብ ያለ ውሃ በማር በጥብጣ ሰጠችው። ጠጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ፀሐዩ እግሩ ላይ ወድቋል። እሷ ጓዳ ውስጥ ሳህን እያጠበች በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ጠፋባትና ቆመች።

ከአልጋው ሳይነሣ ቀጣዩን ስንኝ ነገራት፤ ቀጠለች፤ እሱም እንቅልፍ ወሰደው።