ኪሎ ሜትሬን መልሱ

እውነተኛ ስሟን ከልጇና ከመንጃ ፈቃዷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ «እትዬ ቀበቶ» ነው የሚላት። መኪናዋ ውስጥ የገባ ሰው፣ ባለሥልጣን ይሁን ሙሽራ፣ ቀበቶውን ካላሰረ ሞተር አይነሳም፤ በቃ፣ አይነሳም። አንድ ቀን አንድ ቦርጫም ነጋዴ «እኔ ቀበቶ አላስርም፣ ያፍነኛል» ቢላት፣ ቁልፉን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እንግዲያው እዚሁ ቁጭ ብለን እንጫወታ!» አለችው። ሰውየው አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ሲል እያጉረመረመ አሰረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ወጣላት።

መኪናዋ ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሯ ቆዳ የሆነ የቅንጦት መኪና ናት። በሯ ሲዘጋ «ድም» ይላል እንጂ እንደ ዛሬዎቹ እንደ ጣሳ አይንኳኳም። ድሮ የአንድ ትልቅ ድርጅት አለቃ ይንፈላሰስባት ነበር፤ ሾፌሩ የእትዬ ቀበቶ ባል ነው። ድርጅቱ ሲሸጣት እሱ ገዛትና ትልቁ ሆቴል በር ላይ ቆሞ እንግዳ ማመላለስ ጀመረ። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ግን ልቡ ድንገት ቀጥ አለችበት። ልጃቸው ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «መኪናዋን ሽጪና አርፈሽ ልጅሽን አሳድጊ» አላት። እሷ እስከዚያ ቀን መሪ ጨብጣ አታውቅም። ቢሆንም ልትሸጥ ነው? ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው መንጃ ፈቃድ አወጣችና የባሏ ቦታ ላይ መጥታ ገጭ አለች። የበሩ ሾፌሮች «ይቺማ ሳምንት አትቆይም» ተባባሉ። ዛሬ ከነሱ አንድም የለም፤ እሷ አለች።

አያያዟን ደግሞ ልንገራችሁ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መካኒኩ ኮፈኑ ሥር የሚያንጠለጥላት ትንሽ ካርድ አለች፤ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ይጻፍባታል። ሌላው ሰው አዲሷ ስትመጣ አሮጌዋን ይጥላል። እትዬ ቀበቶ አንዷንም አልጣለች፤ ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተራ ደርድራ አስቀምጣለች። የፊተኞቹ በባሏ ጠማማ ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው። የሱ የመጨረሻዋ «መቶ አሥራ ስምንት ሺህ» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት በሙሉ የሷ እጅ ጽሑፍ ናቸው።

መካኒኩም ቢሆን ዋዛ አይደለም። «ጆሮ» ይሉታል፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። በቀደም ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስትገባ አዳምጦ ሲያበቃ «እትዬ፣ ይቺ ሞተር እኔንም አንቺንም ትቀብራለች» አላት።

ነገሩ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ሆቴሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት፤ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ጎልማሳ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ መጥቶ መኪናዋን ዞር ዞር እያለ አያትና እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ የሆቴላችንን ገጽታ እያደስን ስለሆነ ከመጪው ወር አንድ ጀምሮ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በራችን ላይ አይቆምም። አዲስ ካመጡ ቦታዎ ቦታዎ ነው።»

«ምን አጠፋች? አልተጫረች፣ አልጨሰች፣ እንግዳ መንገድ ላይ ጥላ አታውቅ!»

«ምንም አላጠፋችም። አርጅታለች፣ ያው።»

ሲናገር ዓይኑ መኪናዋ ላይ ይሁን እሷ ላይ በደንብ አልታያትም። ብቻ ደሟ ፈላ።

እሁድ ምሳ ላይ ልጇ ነገሩን አነሳው። ፋርማሲስት ነው፤ የሚናገረው ሁሉ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው በልክ በልክ ነው።

«እማዬ፣ በሩን ካጣሽ ምን ልትሠሪ ነው? እሷን እንሽጥና አንድ አዲስ ትንሽ መኪና እንግዛልሽ። ነዳጅ የማትጠጣ፣ መለዋወጫ የማታስቸግር።»

«ከእጅ አይሻል ዶማ! እዚያ ውስጥ እንግዳው ጉልበቱን የት ያስቀምጠዋል? ጭንቅላቱ ላይ?»

«ሁሉም ሰው እኮ እየቀየረ ነው።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!»

አፏ እንዲህ አለ እንጂ ልቧ ፈርቶ ነበር። በሩ እንጀራዋ ብቻ አይደለም። ዘበኛው በጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚላት እዚያ ነው። ለዓይናቸው ሕክምና በየወሩ ከሩቅ የሚመጡት ጡረተኛው ዳኛ ሻንጣቸውን ይዘው «ስንት ደረሰች?» እያሉ የሚገቡት እዚያ ነው። ሌላ ሰላምታ አያውቁም፤ ኪሎ ሜትሩን ነው የሚጠይቁት፣ እሷም ትነግራቸዋለች። ቤት ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው? ሳህኗን ገፋ አደረገችና «እሺ፣ ጥራው ደላላህን» አለች።

ደላላው ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሹል ጫማ ያደረገ ፈጣን ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ጎኗን እንደ ከብት መታ መታ አደረጋት።

«እናቴ፣ ይቺ እኮ ዕንቁ ናት! ገዢ አለኝ። ነገ ወስጄ ላዘጋጃት። ብቻ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳላሳያት በፊት ልመልሳት?»

እትዬ ቀበቶ ተቆጣች። «ካልመለስካትማ ማን ይለቅሃል! በደንብ አድርገህ መልሳት እንጂ!»

«እስከ ስንት ልመልሳት?»

«ከአሥር እንዳታሳልፍ!»

ደላላው በአድናቆት አፉን ያዘ። «ኧረ እናቴ፣ አንቺስ ከኔም ትብሻለሽ!» ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ልጇም ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በሷ አፍ «መመለስ» ማለት የተቀበሉትን ለባለቤቱ ማስረከብ ነው፤ አሥርም አሥር ሰዓት ነው። በደላላ አፍ ግን መኪና መመለስ ማለት ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ወደ ኋላ መመለስ፣ ማሳነስ ማለት ነው። ሁለቱም በአማርኛ ተነጋግረው፣ ሁለቱም ተስማምተው ተለያዩ።

በማግስቱ ልክ በአሥር ሰዓት መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቶ መጣች። ልጇም ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ደረሰ። እትዬ ቀበቶ ገብታ ወንበሩን ወደ ልኳ አስጠጋች፤ ረጅም እግር ያለው ሰው ነድቷት ነበራ። ቀበቶዋን አሰረች። ቁልፉን ስታዞር፣ እንደ ልማዷ፣ ዓይኗ ቆጣሪው ላይ ሄደ።

ሰማንያ ሰባት ሺህ።

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ደግማ አየች። ሰማንያ ሰባት ሺህ።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለችው ደላላውን በመስኮት።

«መለስኳታ! ከአሥር አታሳልፍ ብለሽኝ ነበር፤ ግን እናቴ፣ አሥር ሺህ ነው ብንል ማን ያምነናል? ሰማንያ ሰባት ልከኛ ነው። ገዢው ነገ በጠዋት ይመጣል።»

ወይ ጉድ! እትዬ ቀበቶ ለገዢው ደነገጠች። «ሰውየው ይኼን አምኖ የሞተሩን ቺንጊያ ሳይቀይር ቢቀር፣ ልጆቹን ጭኖ ዳገት ላይ ቢበጠስበትስ? አንተ ልትደርስለት ነው?» ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«የተስማማሽ መስሎኝ ነው እማዬ…»

«ቀበቶህን እሰር። አንተም ደላላ፣ ግባ! የሠራው ሰው ጋ ትወስደኛለህ።» የብስኩት ቆርቆሮዋን ከቤት አመጣችና ልጇ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

የሠራው ሰው ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የተፈታ ዳሽቦርድና የሽቦ ጥቅልል ተከምሮባታል። ኤሌክትሪሺያኑ ከኮምፒውተሩ ቀና ሲል እትዬ ቀበቶ በሩን ሞልታ ቆማለች።

«ኪሎ ሜትሬን መልስ!»

«ተመልሷል እኮ እናቴ» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት። «ምን ጎደለ?»

«የመለስከውን መልስልኝ ነው የምልህ! ወደነበረበት! ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ!»

ኤሌክትሪሺያኑ ደላላውን አየ፤ ደላላው ጣሪያውን አየ። «አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ» አለ ሰውየው፣ «ቀንስልኝ እንጂ ጨምርልኝ ያለኝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ይኸው አየህ!»

ልጇ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «እማዬ፣ ቁጥር እኮ ነው። ከፍ ካለ ማንም አይገዛትም፤ ካልተሸጠች አዲስ የለም፣ አዲስ ከሌለ ደግሞ በሩ የለም። እስቲ ቁጭ ብለን እናስብ።»

እሷ ግን ቆርቆሮውን ተቀብላ ከፍታ፣ ካርዶቹን በጣቷ እያገላበጠች አንዷን መዘዘች። የባሏ ጠማማ ጽሑፍ ነው። ልጇ ፊት ዘረጋችለት።

«አንብባት።»

«ሰማንያ ስድስት ሺህ አምስት መቶ።»

«በሰማንያ ሰባት ሺህ አባትህ በሕይወት ነበር! እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር! አንተን ሌሊት በትኩሳት ሆስፒታል ያደረስኩህ እዚህ ውስጥ አለ? ትምህርት ቤት ያመላለስኩህ አለ? ወንዶቹ ስቀውብኝ በዝናብ እያለቀስኩ የነዳሁት አለ? የሱን አብዛኛውን ትተው የኔን ነው ነቅለው የጣሉት፤ አንዲት ኪሎ ሜትር አላስቀሩልኝም!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። «መለስን ካላችሁ እሱንም መልሱልኛ! የት አለ? አምጡታ! እሱን ካልቻላችሁ የኔን ስጡኝ!»

ደላላው አንዱ ስልኩ ቢጮህም አላነሳውም። ልጇ ካርዷን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ የአባቱን ጽሑፍ ካየ ብዙ ዓመቱ ነው። ኋላ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረ።

«ወንድሜ፣ የእናቴን መልስላት።»

ሰውየው ሽቦውን ይዞ ወጣ። ቁጥሩን ሲያስገባ እትዬ ቀበቶ ከጀርባው ቆማ በትከሻው ላይ ታያለች። «ደላላው ዛሬ ወዲህና ወዲያ የነዳትም ይደመር! ስንት ነው? ስምንት? ስምንት ጨምር። ውሸት በኔ መኪና ላይ አይጻፍም!» ሲጨርስ ደላላውን «በል፣ ለገዢህ እውነተኛውን ንገረው» አለችው። እሱ ግን እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄዷል።

ወር አንድ ደረሰ። ሆቴሉ በር ላይ የሷ ቦታ አዲስ፣ ነጭ፣ ትንሽ መኪና ቆማባታለች። እትዬ ቀበቶ ቤት የቀረች መሰላችሁ? በጠዋት መጥታ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሕዝብ መኪና ማቆሚያው ላይ ጥቁሯን መኪና አቆመች። ኮፈኗን ወለወለች፤ ስፖኪዮዎቹን ወለወለች።

ሥራ አስኪያጁ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «እናቴ፣ እዚህ ቢቆሙ እንኳ ለሆቴሉ እይታ…»

«ይኼ መንገድ የሆቴሉ ነው የሕዝብ?»

«የሕዝብ ነው፤ ግን…»

«እኔስ?»

ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ ሄደ። ያን ቀን ማንም አልመጣም። በማግስቱም ማንም አልመጣም፤ ልጇ ከፋርማሲው ደውሎ «እማዬ፣ ምሳ በላሽ?» ብቻ አላት፣ ስለ መኪና አላነሳም። በሦስተኛው ቀን የሆቴሉ የመስታወት በር ተከፈተና ጡረተኛው ዳኛ አንድ ዓይናቸው በጥጥ ተሸፍኖ ወጡ። የትንሿ መኪና ሾፌር ሮጦ በር ከፈተላቸው። እሳቸው ቆመው በደህናው ዓይናቸው ግራ ቀኝ ፈለጉ። ዘበኛው ወደ ማዶ ጠቆማቸው፤ ከዚያም ሻንጣቸውን አንስቶ፣ ሥራ አስኪያጁ እያየው፣ እጃቸውን ይዞ መንገዱን አሻገራቸው።

የኋላው በር «ድም» ብሎ ተዘጋ።

«ስንት ደረሰች?» አሉ ዳኛው።

«ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት» አለች እትዬ ቀበቶ፣ ድምፅዋን ማዶ ድረስ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ። «አምስት መቶ ሃያ አራቱ ሺህ የኔ ነው!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አትሄጂም?»

«ቀበቶዎን ነዋ!»