ሮቦቱን አንቱ ያልኩበት ትርጉም

ለንደን ውስጥ የጃፓን ልብወለድ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ማን ነው ቢባል እኔ ታፈሰ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጃፓንኛን የተማርኩት ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር፣ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ዕቃ ሳጥብ፣ ከሩዝ ከረጢት ላይ ፊደል እየገለበጥኩ ነው። ዋናው ወጥ ቤት፣ ሳህን አጣቢ ይሄን ተምሮ ምን ሊያደርግ ነው እያለ ይስቅብኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የእሱን ሜኑ ያረምኩት እኔ ነኝ።

ትርጉም የጀመርኩ ቀን ብሪክስተን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሁለት መዝገበ ቃላት፣ እርሳስ፣ ባለ መስመር ደብተር። ከጃፓንኛ ወደ አማርኛ የሚወስድ መዝገበ ቃላት ስላልነበረ በእንግሊዝኛ ዞሬ እመለስ ነበር።

የያዘኝ የነገዋ ጃፓን ታሪክ ነው። በአንዱ ታሪክ ልጅ የሌለው ትምህርት ቤት ደወሉን ለራሱ ይደውላል። በሌላው ማንቆርቆሪያው በሟች ባል ድምፅ ያወራል። እነዚህ ሰዎች ነገን እንዴት ነው የሚያዩት እያልኩ ገጹን እገልጥ ነበር።

አሥራ አንድ ታሪኮች ተርጉሜ ስቶክዌል ላለች ትንሽ አሳታሚ ሰጠሁ። አርታኢዋ ሳሮን ለንደን የተወለደች፣ ከልጄ የምታንስ፣ ግን አለቃዬ ነበረች። የመጀመሪያው ታሪክ በአንድ መንደር ብቻቸውን ስለቀሩት አሮጊት ፉሚ እና ስለ አስታማሚያቸው ሮቦት ቶኪ ነው። የዚህ ታሪክ መጨረሻ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ መጽሐፉ እንደማይታተም ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ኢንዲንጉን ሦስት ጊዜ ቼክ አደረግኩት። ምንም አይፈጠርም።»

አማርኛው ከብዷት እንደሆነ ነገርኳት።

«አማርኛውማ ገብቶኛል። ሴትዮዋ ሮቦቱን ለምንድን ነው ከመጀመሪያው አንቱ የሚሉት?»

«የተሠራው እሳቸው ሳይወለዱ ነዋ። ታላቃቸው ነው።»

«ማሽን እኮ ነው፣ ጋሼ። ልደቱንም ያክብሩለታ።»

ተናድጄ ብሪክስተን ሄድኩና ጃፓንኛውን ከፈትኩ። ፉሚ ታሪኩን ሙሉ «ቶኪ» ብቻ ይሉታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ቶኪ ሳን» አሉት። «ሳን» የአክብሮት ቃል ናት። ታሪኩ በሙሉ የተሠራው ለዚያች ቃል ነበር፤ እኔ አንደኛው ገጽ ላይ ጨርሻታለሁ።

ሦስት ቀን እርሳስ ይዤ «ያምጡ»ን «አምጣ»፣ «ይሂዱ»ን «ሂድ» አደረግኩ። ዓርብ ዕለት መጨረሻውን ለሳሮን አነበብኩላት። ዘመኑን ሁሉ ቆሞ ላስታመማቸው ሮቦት ፉሚ ከአልጋቸው ሆነው «ቶኪ፣ ይቀመጡ» ይሉታል።

«ይሄን እንግሊዝኛ አይችለውም» አለች ሳሮን።

«ጃፓንኛውም ተጨማሪ ቃል ፈልጓል» አልኳት። «እኔ ግሡ በቃኝ።»

ተርጓሚ አንቱታን ለቦታው ያቆየው። ከመጀመሪያው የሰጠ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው የለውም።

ያደረግኩትን ልዘርዝር፦

አሥራ አንዱም ታሪኮች ታትመዋል።

የጃፓንኛና የአማርኛ ቃላት በእጄ ጽፌ አራት ደብተር ሞልቻለሁ።

ይስቅብኝ ለነበረው ወጥ ቤት አንድ ቅጂ ሰጥቼዋለሁ፤ ባያነበውም።

በመግቢያው ላይ፣ ሳላስፈቅዳት፣ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ «ስህተቴን ያገኙት አርታኢዬ ሳሮን ናቸው።»