ወንድሜ የሰረዘው ስም

ሰዎች «የፕሬዚዳንት እህት መሆን መታደል ነው» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። ኑና ቅመሱት! ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ታናሽ እህቱ ግን እዚያ ግቢ የረገጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ በሹመቱ ዕለት ነው። ሁለተኛውን እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ አገር ስንመጣ እሱ የድልድይ መሐንዲስ ነበር። ያመጣውን ዲግሪ ግን ማን ዞር ብሎ ይይለት! «እንመረምረዋለን» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉት፤ ሲመረምሩ ሲመረምሩ አምስት ዓመት አለፈ። እስከዚያው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ኮንክሪት ሲሰብር ኖረ። ጥንካሬው እንዲፈተሽ ከየግንባታው የሚመጣውን የኮንክሪት ኩብ፣ በተቦካ በሃያ ስምንተኛው ቀን መጭመቂያው ማሽን ውስጥ ያስገባል፤ ሲሰነጠቅ የቻለውን ጫና ቁጥር ይመዘግባል። አመሻሹ ላይ ሲመጣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ነው። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ «ቁጥሯን ትንሽ ከፍ አድርጋት» ቢለው «ኩቡ የሰጠኝን ነው የምጽፈው» ብሎ አባረረው። ያኔ «ጎሽ የእናቴ ልጅ!» ያልኩት እኔው ነኝ፤ የሚጠብቀኝን መች አውቄ!

ዶክትሬቱን ሠራ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ዲን፣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት። በተሾመ በሳምንቱ ሻይ ሲጠጣ ከኋላው አንዱ «እንግዲህ መጤው ዘመዱን ሁሉ ሊሰበስብ ነው» ሲል ሰማው። ያቺ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ ቀረች። እኔ ለግቢው ካፍቴሪያ ሥራ ባመለክት «ማመልከቻሽን አውጪ» አለኝ። አናጢውን የአክስታችንን ልጅ ጨረታ እንዳይገባ ከለከለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኔ ወንድም እንኳን ሊበላ እኛንም የራሳችንን እንዳንጎርስ አፋችንን ያዘን። እሺ፣ ይሁን ብለን ቻልነው።

ልጄን ግን ያሳደጋት እሱ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሒሳብ የሚያስጠናት፣ እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር ወስዶ «ይሄ ምሰሶ ምን ያህል የሚሸከም ይመስልሻል?» እያለ የሚጠይቃት እሱ ነው። ከድልድይ ሌላ ምኞት አልነበራትም። ትምህርቱ በአቅራቢያችን ያለው ደግሞ እሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ በዓመት የሚቀበሉትም አርባ ሰው ነው። ተፈተነች። ውጤቷ በደብዳቤ መጣ፤ ከሁሉ ሦስተኛ! እልል አልኩ።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟ የለም። ከላይ እስከ ታች ሦስቴ አነበበችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግቢው ሁሉ ያወቀውን እኛ ትምህርት ከተጀመረ ወዲያ በመጨረሻ ሰማን። ወንድሜ ለፊርማ የመጣለትን ዝርዝር ተቀብሎ፣ ስሟን በገዛ እስክሪብቶው ሰርዞ፣ አርባ አንደኛውን አስገብቷል።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ሄድኩ። ጸሐፊው «ቀጠሮ አለዎት?» ቢለኝ «ከእናቴ ማህፀን ጀምሮ!» ብዬው አልፌ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልጄ ምን በደለችህ?»

«ሰው ምን ይላል? የእህቱን ልጅ አስገባ ነው የሚባለው።»

«ይባላ! ሦስተኛ ወጥታለች እኮ! ለተቋራጩ እንቢ ያልከውን በልጄ ላይ አደረግከው። ቁጥሯን ነው የቀየርከው!»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኛ እኮ ከሌላው እጥፍ ንጹሕ መሆን አለብን» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑ ነው ንጽሕና? ያልሰረቅከውን እየመለስክ! ያውም ከልጄ እጅ ነጥቀህ!»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀና «ተሳስቻለሁ» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። «እንግዲያው መልሳታ!»

«በቦታዋ የገባው ልጅ ተመዝግቧል፤ ትምህርት ጀምሯል። አሁን ልነሳና ላስወጣው? እሱስ ምን አጠፋ?»

ኧረ በሕግ! ይህ ሰው ሲሳሳት እንኳን መሟገቻ አይሰጥም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ልጄ አላለቀሰችም። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ቅጽ አስመጣች። ወንድሜ ያን እሑድ እንደ ልማዱ መጣ፤ አልቀበልም ማለት አቃተኝ። ጠረጴዛው ጋ ከጎኗ ተቀመጠና «እስቲ ልየው፣ አንድ ነገር ብትስቺ ይመልሱብሻል» አላት። ሰጠችው። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበ። የትውልድ ቀን፣ ልክ። ውጤት፣ ልክ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። «በሙያው የተሰማራ የቅርብ ዘመድ አለዎት?» ይላል ጥያቄው። ልጄ «የለኝም» ብላ ጽፋለች።

«ይቺን ተሳስተሻል» አላት።

«አልተሳሳትኩም ጋሼ። አለኝ ካልኩ እዚያም እንዳይሰርዙኝ ብዬ ነው።»

ተቆጥታ ብትናገረው እኔም አግዣት እጮህ ነበር። እሷ ግን ለስለስ አድርጋ፣ እሱን እንዳይከፋው እየተጠነቀቀች ነው ያለችው። ወንድሜ ጥያቄውን ደግሞ አነበበው። መልሷንም ደግሞ አነበበው።

«እንግዲያው ልክ ነው» አላት፤ ገጹንም ገለጠ።