የፍሪጁ ማስታወቂያና የጀሶው ዶሮ

እናቴ ፊልም ሠርታለች። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ጥቁርና ነጭ የፍሪጅ ማስታወቂያ ነው፤ ያኔ በየሲኒማ ቤቱ ከዋናው ፊልም በፊት ይታይ ነበር። በወጣትነቷ ባምቢስ አካባቢ የቤት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር፣ የፍሪጅ በር እንደሷ አሳምሮ የሚከፍት የለም ተብላ የዘመናዊ ሚስት ሆና እንድትሠራ ተመረጠች። ሠራችም። ጣጣ ያመጣው ዶሮው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ሚስትየዋ ከፍሪጁ የተጠበሰ ዶሮ አውጥታ ለባሏ ታቀርባለች፤ ቀጥሎ እሷም ስታላምጥ ትታያለች። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ አንድ ቀን የህንድ ፊልም ልታይ ስታዲየም አካባቢ ሲኒማ ቤት ገብታ ይህንን አየች። ቤተሰባችን ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው። እኛ ክርስቲያን ያረደውን አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ በዚህ ማንም ከማንም አይቀያየምም። አክስቴ ግን እህቷን በዓይኗ አይታለች። እናቴ ዶሮው የጀሶ ነው፣ ለማሳያ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፣ ያላመጥኩት ዳቦ ነው ብትል ማን ይስማት። አክስቴ እውነቱን እስክታወጪ ከእጅሽ ሥጋ አልቀምስም ብላ ማለች።

በኋላ የሰማው አባታቸው፣ አያቴ፣ እንኳ ነገሩን በወሩ ረሳው። አክስቴ ሃምሳ ዓመት ያዘችው። በየአረፋው ካዛንቺስ እናቴ ቤት ትመጣለች፣ ቴምር ትበላለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ሥጋው ሲቀርብ ጠግቤያለሁ ትላለች። እናቴም ተስፋ አትቆርጥ፣ በየዓመቱ ምርጡን ለይታ ታቀርብላታለች። ያ ሳህን ሳይነካ ሲመለስ እያየሁ ነው ያደግኩት። በአክስቴ ግትርነት እናደድ ነበር፤ ከዚያ የባሰው ግን እኔም በሆዴ እናቴን እጠራጠራት ነበር። የጀሶ ዶሮ የሚባል ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

ዘንድሮ፣ የአረፋ ዋዜማ፣ የድሮ ፊልሞችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ወዳጄ ፊልሙን አግኝቶ በስልኬ ላከልኝ። ኦሎምፒያ ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ታክሲውን ትቼ ካፌ ገባሁና ከፈትኩት። እናቴ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላት አትመስልም፤ ፀጉሯ ተቆልሎ፣ ሽርጧ ነጥቶ። ተራኪው በዚያ በሚጎተት የድሮ አነጋገር ከእንግዲህ ምግብ እንደማይበላሽ፣ የቤት እመቤትም እንደማትደክም ይናገራል። ዶሮው ወጣ፣ ባልየው ፈገግ አለ፣ እናቴም አላመጠች። ክው አልኩ። ቁርጥ የእውነት ዶሮ ነው የሚመስለው።

ፊልሙን አቁሜ ማየት እንደምችል ትዝ ያለኝ ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ነው። እናቴ ሳህኑን ስታወጣ ትንሽ ታዘነብለዋለች፣ ዶሮው ያጋድላል። ሥሩ ልሙጥ ነው፤ የዕቃ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ተለጥፎበታል። ስታላምጥ የምትታይበት ላይም አቆምኩ። በግራ እጇ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ፣ የተገመጠ ዳቦ ይዛለች። እፎይ አልኩ። ብቻዬን ስስቅ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየኝ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፤ የገዛ እናቴን አላመንኳትም ነበርና።

በማግስቱ ከሶላት መልስ ሁለቱን እህትማማቾች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ፊልሙን በቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። እናቴ ራሷን ስታይ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ዶሮው ሲያጋድል አቆምኩት። አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደችና ወረቀቱን በጣቷ ነካችው። ዳቦውንም አሳየኋት። ተመልሳ ተቀመጠች። እናቴም አላልኩሽም ወይ አላለችም፤ እኔ ብሆን በዚያች ደቂቃ አስር ጊዜ እለው ነበር።

"ጀሶ ነው" አለች አክስቴ በመጨረሻ።

"በቃ ይለፍ፣ እታለም" አለች እናቴ።

"እኔ እኮ የተናደድኩት በዶሮው አይደለም። ለእኔ ሳትነግሪኝ ከማላውቀው ሰው መሀል ተቀምጬ አየሁሽ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ 'ስታምር' ስትል፣ እህቴ ናት ማለት አቃተኝ።"

እናቴ አባታቸው እንዳይሰማ ፈርታ እንደነበር ነገረቻት። ለእሷ መንገር ግን እንደነበረባት አመነች። አክስቴ ያን ለእሷ የተለየ ሳህን ወደ እናቴ ገፋ አደረገችና "በይ አጉርሺኝ" አለች።

እናቴ ከምርጡ ጠቅልላ አጎረሰቻት። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች።

"ጨው አንሶታል" አለች።

እናቴ እንባዋን እየጠረገች ጨው ልታመጣ ተነሣች።