ኦቦ ሌታ የተጸየፉት ሰደፍ

ኦቦ ሌታ በካቺሲ ጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከመግል ፊታቸውን አዙረው አያውቁም። በወጉ ያልተያዘ ጠመንጃ ሲያዩ ግን ይጸየፋሉ።

አምቦ ከገቡ ወዲህ ሥራቸው፣ ሥራ ከተባለ፣ ለአሮጌ ጠመንጃ ከወይራ ሰደፍ ጠርቦ ማለስለስ ነበር፤ ለነፍሳቸው ደስታ። በ1997 ዓ.ም. ግን ሞራ ዓይናቸውን ይጋርደው ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ "ይብቃህ፤ ጣትህን ሳትቆርጥ ተወው" ሲሏቸው፣ "እሱን ከተውኩማ ደጅ ተቀምጬ ዝንብ ልቆጥር ነው?" ይላሉ።

በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ጂራ የተባለ የሸነን ገበሬ ምንሽሩን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ጋቢው ሲፈታ የሻገተ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"አንተ ጂራ! ይኼ ጠመንጃ ነው ወይስ የሙሽራ ጠጉር?"

"ዝገት እንዳይበላው ብዬ ነው፣ ኦቦ።"

"ዝገቱማ ተጸይፎ ሸሽቷል!"

ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጠው አፈሙዙን በሽቦና በጨርቅ ሲጠርጉት ጥቁር ዝቃጭ፣ የበግ ጠጉርና የበረሮ እግር ወጣ። ኦቦ ሌታ በመስኮት ምራቃቸውን ተፉ። ቀጥሎ በሰደፉ ላይ ይሄድ የነበረው ጣታቸው ድንገት ቆመ። አንድ ስንጥቅ በኮላና በሰጋቱራ ተለጥፎ፣ ሳይላግ እንደ እባጭ አብጦ ቀርቷል።

"ኤጭ! ይኼን የለጠፈ የትኛው እጀ ሰባራ ነው? ለበረት አጥርም አይሆን!"

ጂራ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

"ማነው? ተናገር እንጂ!"

"ኧረ ይተዉት ኦቦ፤ የሞተ ሰው ነው።"

"አንተ ነህ" አሉ ጌጤነሽ ከጓዳ። "አምና ነው የሠራህለት። ኮላውን ያፈላህበት የወጥ ድስቴ እስከ ዛሬ ይሸታል።"

ኦቦ ሌታ ደጅ ወጥተው ሰደፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እባጩ አልታያቸውም። በጣታቸው ደግመው ዳሰሱት። የቅቤው ግማት ከዚህ ይሻል ነበር። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ መልሰው ጠረጉ።

ጌጤነሽ በሩ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "እህስ፣ አሁን ትተወዋለህ?" አሉ።

"ይኼን የመሰለ ቆሻሻ በስሜ ትቼማ አልሞትም።"

ሞረዳቸውን አነሱ። እባጩን ፍቀው ጣሉት፤ ስንጥቁን ከፍተው የወይራ ቁራጭ ገጠሙበት፤ በጣታቸው እየዳሰሱ አለሰለሱት። ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰደፉን ለጌጤነሽ ዘረጉላቸው።

"ከእንግዲህ እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ታያለሽ።"

"እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቄ?"

"የሚያስጠላ ነገርስ አታውቂም?"

ጌጤነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። ሰደፉን አገላበጡ፤ ዓይናቸውን አንዷ ጥግ ላይ አቆዩ።

"ያስጠላል" አሉ።

ኦቦ ሌታ ብርጭቆ ወረቀታቸውን አንስተው እንደገና ተቀመጡ።