የሚረጋ ዘይትና በማለዳ የተላከ ሽማግሌ

ናፍጣ ከማደያ ከጠፋ ወዲህ መኪናዬ ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ነው የምትሄደው። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሰልፍ ላይ አድሬ ባዶ ጀሪካን ይዤ ከመመለስ ይሻላል ብዬ ጀመርሁ፤ ከጀመርሁት ደግሞ አልመለስም።

ሥራው ትዕግሥት ነው እንጂ ጥበብ የለውም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰው የጎረቤቴ ሚስት ያረጀውን ዘይት ታጠራቅምልኛለች። በርሜል ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ውኃውና ፍርፋሪው ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ ከላዩ ቀድቼ በነጠላ አጠልለውና ካገኘኋት ናፍጣ ጋር እቀላቅለዋለሁ። የበርሜሉን ቂጥ የነካ ሞተሩን ገደለ። ነጠላው የባለቤቴ ነበር። «ለጥምቀት ምን ልልበስ?» ብላ ስንት ቀን ጮኸችብኝ።

እንግዲህ ታኅሣሥ ላይ ለመጨረሻ ልጄ ወደ አንበሳሜ ከተማ ሽማግሌ መላክ መጣ። እሱና ልጅቱ ኮሌጅ ተዋውቀው ነገሩን ጨርሰዋል፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቆፍጣና ገበሬ ናቸው፤ «ቀጠሮ ለማያከብር ቤት ልጄን አልሰጥም» ይላሉ አሉ። ሽማግሌ በማለዳ ነው የሚሄደው፤ የቤቱ ጌታ ወደ እርሻ ሳይወጣ። ልጄ «አባባ፣ መኪና እንከራይ» ቢለኝ «የራሴ እያለችኝ?» ብዬ ተቆጣሁት።

ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባቴ፣ ወንድሜና ያ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፣ ጀልባ ይሠራል። እኔ አባት ስለሆንሁ ሽማግሌ አልሆንም፤ ሹፌር ነኝ። ጎሕ ሲቀድ ዓባይ ማዶ ሰፈር ካለው ደጄ ተሳፈሩ። ቁልፉን አዞርሁ። ተንተከተከችና ዝም። ደግሜ አዞርሁ። ዝም።

ወርጄ ፊልትሮውን ፈትቼ ባየው ዘይቱ እንደ ቅቤ ረግቷል። ለካ ሁልጊዜ የምነዳት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው! በታኅሣሥ ብርድ በማለዳ አስነሥቻት አላውቅም።

«አያ፣ ልጅቱ ሳታረጅ እንደርስ ይሆን?» አለ ጎረቤቴ ከኋላ።

«በእግራችን ብንነሣ ለፋሲካ እንገባለን» አሉ የንስሐ አባቴ።

ወንድሜ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጎረቤቴ ሚስት የፈላ ውኃ በሁለት ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። «ዘይት በብርድ እንደሚረጋ ለማወቅ ይኸን ሁሉ ሽማግሌ መሰብሰብ ያስፈልጋል?» አለችን። የዚያን ነጠላ ቁራጭ የፈላው ውኃ ውስጥ እየነከርን ፊልትሮውንና ቱቦውን ጠቀለልን፤ የቀረውን ታንኩ ላይ አፈሰስነው። በስንት ልመና ተነሣች።

አንበሳሜ ስንደርስ ረፍዷል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ፤ ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም። እኔ ከመኪናው ሆኜ አያለሁ። አባቷ ወጡ። ተቀመጡ አላሉም። አልፈዋቸው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

ጭሱን አሸተቱ። «ይህች መኪና ምን በልታ ነው?»

«ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት» አልሁ። «ያዘገየንም እሱ ነው፤ በብርድ ረጋብኝ። ልጄ መኪና እንከራይ ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል በዕድሜዬ ስንቴ እንዳልኋት ባለቤቴን ጠይቋት።

ሰውየው ወደ ጓሯቸው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ «የውኃ ፓምፕስ ያስነሣል?» አሉኝ። ለካ ከቤቱ ጀርባ ሽንኩርታቸው በውኃ ጥም ጠውልጓል፤ ፓምፑ ናፍጣ አጥቶ ቆሟል።

«ናፍጣ የሚጠጣ ከሆነ ያስነሣል። ብቻ በርሜሉ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ቂጡን እንዳይነኩት።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን አስቆማችሁ? ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!»

ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ዘመድ ይማከራል። «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ልንሄድ ስንል እኔን ለብቻ ያዙኝና «እርስዎ ግን ፀሐይ ሳትሞቅ እንዳይነሡ፤ ያን ዘይት ይጫኑልኝ» አሉ።

ቤት ገብቼ ዘይቱ የሚጠለልበት ጨርቅ የለኝም ብዬ ስተክዝ ባለቤቴ ሁለተኛ ነጠላዋን ራሷ አውጥታ ጣለችልኝ። ልጅቱ ተሰጠችን፤ ለሠርጉም አዲስ ገዛሁላት። ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው ያሠረችው።